ትርፍ ባትሪና ያልታጠበ ፊልም ይዞ ስለ መብረር

ጥያቄ፦ በጎንደር ፒያሳ አካባቢ የሠርግና የበዓል ፎቶግራፍ በማንሳት እተዳደራለሁ። ባለፈው ጊዜ ከአዘዞ ተነሥቼ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ውጭ አገር ስጓዝ፣ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያስቀመጥኋቸው ስድስት ትርፍ ባትሪዎች በፍተሻ ተወሰዱብኝ። አሁን ደግሞ ጥምቀትን በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ያነሣሁባቸውን ያልታጠቡ ፊልሞች ይዤ እሄዳለሁ። ፍተሻው እየጠበቀ ስለ ሆነ ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የደረሰብዎ ጉዳት ያሳዝናል፤ ሆኖም ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም። የሊቲየም ባትሪ የብረት ጫፎቹ ከቁልፍ ወይም ከሳንቲም ጋር ተነካክተው ከጋለ፣ በራሱ ሙቀት እየተባባሰ በእሳት ሊያያዝ ይችላል። ይህ በተሳፋሪዎች መካከል ቢደርስ የበረራ አስተናጋጆች ፈጥነው ይደርሱለታል፤ በጭነቱ ክፍል ግን የሚያየው ሰው የለም። ስለዚህ ትርፍ ባትሪ ሁሉ፣ ፓወር ባንክም ጭምር፣ ከእርስዎ ጋር በእጅ ሻንጣ ይገባል፤ ጫፎቹንም በፕላስተር ይሸፍኗቸው።

መጠኑ የሚለካው በዋት-ሰዓት ነው። በላዩ ካልተጻፈ ቮልቱን በሚሊአምፔር-ሰዓቱ አባዝተው ለ1000 ያካፍሉት፤ 7.2 ቮልትና 1865 ሚሊአምፔር-ሰዓት የተጻፈበት የካሜራ ባትሪ 13.4 ገደማ ይሆናል። በአጠቃላይ እስከ 100 ዋት-ሰዓት የአየር መንገዱ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ከዚያ በላይ እስከ 160 ድረስ በፈቃድ ሁለት ትርፍ ብቻ መያዝ ይቻላል፤ ከ160 ያለፈ ከመንገደኛ ጋር አይሄድም።

በአገር ውስጥ በረራ አነስተኛ አውሮፕላን ከተመደበ፣ ከመቀመጫ በላይ ያለው መደርደሪያ ጠባብ ስለሆነ የካሜራ ቦርሳዎን ከመሳፈሪያው ደረጃ ሥር ሊቀበሉዎ ይችላሉ። ያን ጊዜ እንዳይደናገጡ ባትሪዎቹን በአንዲት ትንሽ ቦርሳ ለብቻቸው ይያዟቸው፤ ካሜራውን አንገትዎ ላይ ያንጠልጥሉ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የፊልሙ ጉዳይ ነው። ባትሪ ተመልሶ ይገዛል፤ በጥር 11 ንጋት፣ ምእመናኑ ጧፍ ይዘው በውኃው ዙሪያ ሳሉ ያነሡት ምስል ግን አይተካም። በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ያልታጠበ ፊልም ፈጽሞ አያስቀምጡ፤ የዚያ መፈተሻ ጨረር ብርቱ ነውና። በእጅ ሻንጣ መፈተሻ በኩል፣ የቀድሞው ዓይነት ማሽን ፍጥነቱ (ማለትም በካርቶኑ ላይ በISO ቁጥር የሚጻፈው ብርሃን የመቀበል አቅሙ) ከ800 በታች የሆነውን ፊልም ጥቂት ጊዜ ቢያልፍበት የጎላ ጉዳት አያደርስም። ዕቃውን ከየአቅጣጫው የሚያነበው አዲሱ ዓይነት ግን በአንድ ማለፍ ብቻ የትኛውንም ፊልም ሊያበላሽ ይችላል፤ ምስሉ ሲታተም ጥቁር መሆን የሚገባው የሌሊት ሰማይ አመድማ ሆኖ ይወጣል። ለጨለማው 1600 ወይም 3200 ተጠቅመው ከሆነ ሥጋቱ የባሰ ነው። ስለሆነም ጥቅልሎቹን ከካርቶናቸው አውጥተው በሚያሳይ ፌስታል ያድርጓቸው፤ ሻንጣዎ ማሽኑ ላይ ሳይወጣ በፊት በእጅ እንዲፈተሹልዎ ፈታሹን በትሕትና ይጠይቁ። ውሳኔው የእርሱ ስለሆነ ቀደም ብሎ መድረስ ይረዳል። የሚያጥብልዎ ባለሙያ ካገኙ ግን አሳጥበው መሄዱን እመርጥልዎታለሁ፤ የታጠበ ፊልም ጨረሩ አይነካውም። ሜሞሪ ካርድም እንዲሁ ነው።

ትራይፖዱን በልብስ ጠቅልለው በሚጫነው ሻንጣ ይላኩት።