የድሮ መኪና ፎቶ እንጀራ ይሆነኛል ወይ?

ጥያቄ፦ «ላስ ቬጋስ ነው የምኖረው። ማታ ካዚኖ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ፣ ቀን ኮሌጅ አካውንቲንግ እማራለሁ። ባለፈው የቪቫ ላስ ቬጋስ ሾው ላይ የድሮ መኪኖችን ፎቶ አንስቼ ኢንስታግራም ላይ ለጠፍኩ። ሰው ወደደው። አንድ ባለመኪና አንዷን ፎቶ በስልሳ ዶላር ገዛኝ። ትምህርቱን ትቼ ሙሉ ለሙሉ ልግባበት? እማዬ ‹የሰው መኪና ፎቶ ማንሳት ደግሞ ምን ሥራ ነው?› ትለኛለች። ካሜራዬም አሮጌ ነው፤ ልቀይረው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ትምህርትሽን አትተዪ። ፎቶውንም አትተዪ። የእናትሽን ጥያቄ ግን እንደ ቁጣ አትስሚው። ከፋዩ ማነው እያሉሽ ነው። እኔም የምጠይቅሽ ይህንኑ ነው።

ቦታውን ለማያውቁ አንባቢዎች ትንሽ ልበል። ቪቫ ላስ ቬጋስ ከ1998 ጀምሮ የሚደረግ የሮካቢሊ (የ1950ዎቹ የሮክና የካንትሪ ቅልቅል) ሙዚቃ ድግስ ነው (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው)። ሰዉ የ1950ዎቹን ልብስ ለብሶ፣ ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ ይመጣል። አንዱ ቀን የመኪና ነው። ክንፍ የመሰለ ጭራ ያላቸው ካዲላኮች፣ ጣሪያቸው ተቆርጦ ዝቅ የተደረገ ሜርኩሪዎች፣ ሆት ሮዶች (ለፍጥነት ተብለው የተቀየሩ የድሮ መኪኖች) በሰልፍ ይቆማሉ። የሆት ሮዶቹ ታሪክ የሚጀምረው ከካሊፎርኒያ የደረቁ ሐይቆች ነው። ወጣቶች እዚያ ለመሽቀዳደም ሲሉ የአሮጌ ፎርድ ፓራፋንጎ ነቅለው ይጥሉ ነበር፤ መኪናው እንዲቀል። በ1932 ፎርድ 65 የፈረስ ጉልበት ያለው ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር በርካሽ መኪና ላይ ገጠመ። ከዚያ ወዲያ ያ መኪና የሆት ሮዱ ዓለም ንጉሥ ሆኖ ቀረ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ሾው ላይ ገዢ የለም ማለት ይቻላል። ስልክ የሌለው ሰው ስለሌለ አንዱን ቀይ ካዲላክ ስንቱ ያነሳዋል። የሚያምር ፎቶ ሞልቷል። ስልሳ ዶላር የከፈለሽ ሰውዬም የገዛው ቁንጅናውን ብቻ አይመስለኝም። የገዛው የራሱን መኪና ነው። ስንት ዓመት ጋራዥ ውስጥ ላሜራ ሲቀጠቅጥ የከረመ ሰው፣ ልፋቱን በደንብ ያየለት ሰው ሲያገኝ እጁ ኪሱ ይገባል። ስለዚህ ደንበኛሽ ባለመኪናው ነው። ሾው ደግሞ ደንበኛ የምትተዋወቂበት ቦታ ነው፤ ሽያጩ የሚመጣው ከሾው በኋላ ባለው ሳምንት ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ገበያ ደግሞ መኪናውን ሊሸጥ የተነሳ ሰው ነው። ዛሬ ብዙ የድሮ መኪና የሚሸጠው በኢንተርኔት ጨረታ ነው። ብሪንግ ኤ ትሬይለር የሚባለውን ገጽ ገብተሽ እዪ፤ በ2020 ኸርስት የተባለው ትልቅ የሚዲያ ኩባንያ ገዝቶታል። አንድ መኪና ከመቶ በላይ ፎቶ ይዞ መቅረቡ እዚያ ብርቅ አይደለም። ገዢው ሌላ ግዛት ቁጭ ብሎ በፎቶ ብቻ ነው የሚጫረተው። ስለዚህ ቁንጅናውን ብቻ ሳይሆን ጉዱንም ማየት ይፈልጋል። ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩን፣ መኪናው በክሪክ ተነስቶ ሻንሲውን፣ የበሩን ሥር ዝገት፣ የወንበሩን ቅድ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን፣ የሻንሲ ቁጥር የተጻፈበትን ብረት ያያል። ኢንስታግራም ላይ እንዲህ ያለ ፎቶ ማንም ላይክ አያደርገውም፤ ሻጩ ግን ይከፍልበታል። ጥሩ ፎቶ ዋጋውን ከፍ እንደሚያደርግለት ያውቃላ!

ለዚህ ሥራ ዓይን ብቻ አይበቃም፤ መኪናውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከላክሽልኝ ፎቶዎች አንዱ ሥር «የ1932 ፎርድ» ብለሽ ጽፈሻል። ፊቱ እርግጥ የ1932 ነው። ገላውን አየሁት፤ የሞዴል ኤ ይመስላል፣ ከ1928 እስከ 1931 የተሠራው ማለት ነው። የ1932ን የፊት ፍርግርግ ሞዴል ኤ ላይ መግጠም በሆት ሮድ ሰሪዎች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ባለቤቱ ይህን ካየ ምንም ላይልሽ ይችላል፤ ቀጣዩን ሥራ ግን ለሌላ ሰው ይሰጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። ካሜራሽን ዝቅ አድርገሽ «ጌታዬ፣ ይሄ ምንድነው? ሞተሩስ የራሱ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። እነዚህ ሰዎች ስለ መኪናቸው ሲጠየቁ አፋቸው አይዘጋም። የሰማሽውን እዚያው ስልክሽ ላይ ጻፊ፣ ስማቸውንና ኢሜይላቸውን ተቀበይ፣ ሁለት ፎቶ በነፃ ላኪላቸው። ሦስተኛውን ራሳቸው ይጠይቁሻል። ደግሞ አደራ፣ ሳይፈቅዱልሽ መኪናውን እንዳትነኪ። ቀለሙ ላይ የጣት አሻራ ያየ ባለመኪና ካዲላኩን የቧጨርሽበት ያህል ነው የሚያየው።

ስለ ብርሃኑም ልንገርሽ። የላክሽልኝ ፎቶዎች አብዛኞቹ እኩለ ቀን ላይ የተነሱ ናቸው። የቬጋስ ፀሐይ በዚያ ሰዓት ጣሪያውን ያነድደዋል፣ ጎኑን ያጠቁረዋል። ጠዋት መኪኖቹ ገና ሲገቡ ድረሺ። ያኔ ብርሃኑ ዝቅ ያለ ነው፣ ሰዉም ገና አልሞላም፣ መኪኖቹም እየተንቀሳቀሱ ነው። ጉልበትሽ ላይ ተንበርከኪ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ራቂና በረጅም ሌንስ አንሺ። በሰፊ ሌንስ ተጠግተሽ ስታነሺ አፍንጫው ያብጣል፣ ኋላው ይኮሰምናል።

አንድ የክሮም ፓራውልት ፎቶሽ ላይ አንቺ ራስሽ ቢጫ ቲሸርት ለብሰሽ ቁጭ ብለሽ ትታያለሽ። ፖላራይዘር ፊልተር ቢኖርሽ መስታወቱና ቀለሙ ላይ ያለውን ነጸብራቅ ይቀንስልሻል፤ ክሮም ላይ ግን እምብዛም አይሠራም። ለክሮም ያለው ዘዴ ጠቆር ያለ ልብስ መልበስና ጎን ይዞ መቆም ነው።

ሕጉ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግን እነዚህን እወቂ። ሌላ ውል እስካልፈረምሽ ድረስ በራስሽ ያነሳሽው ፎቶ የቅጂ መብቱ ያንቺ ነው። ፎቶዎችሽን በአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በአንድ ማመልከቻ እስከ 750 ድረስ በ55 ዶላር ማስመዝገብ ትችያለሽ፤ አንዱ ኩባንያ ሳይጠይቅሽ ቢወስድብሽ ክርክሩን በጣም ያቀልልሻል። የፒን አፕ ልብስ (የድሮ ፖስተር ቆነጃጅት የሚለብሱትን ዓይነት) ለብሰው መኪና ላይ የሚደገፉትን ሴቶች ፎቶ ለማስታወቂያ የምትሸጪ ከሆነ የፈቃድ ፊርማ ያስፈልግሻል። ገብተሽ የምታነሺበት ሾው ለንግድ ፎቶ የራሱ ደንብ ካለውም አስቀድመሽ አንብቢው።

አካውንቲንጉ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የግል ሥራሽ የተጣራ ገቢ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ 15.3 በመቶ የሆነው የግል ተዳዳሪ ግብር ይመጣል፤ መደበኛው የገቢ ግብር ደግሞ ለብቻው ነው። የማውቃቸው ፎቶ አንሺዎች ብዙዎቹ የወደቁት በፎቶ ጥራት አይደለም። ደረሰኝ ሳይዙ፣ ወጪ ሳይመዘግቡ፣ ዋጋ በግምት እየጠሩ ነው ያለቁት። አንቺ ይህን ትምህርት ቤት እየተማርሽው ነው። ጨርሺውና ሁለቱን አብረሽ ያዢ። አንድ ዓመት ሙሉ ከፎቶ የገባሽን ከወጪሽ ጋር መዝግቢ፤ ከካዚኖው ደሞዝሽ ጋር አስተያዪው። ጤና መድንሽን ከካዚኖው የምታገኚ ከሆነ እሱንም ሒሳብ ውስጥ አስገቢው። የሥራ ፈረቃሽን ለመቀነስ የዚያን ጊዜ እንነጋገራለን። ለእናትሽም ወረቀቱን አሳዪያቸው፤ ከኔ ምክር ይልቅ እሱን ያምናሉ።

ካሜራውን አትቀይሪ። ያለሽ ይበቃል። በዚያ ገንዘብ ፖላራይዘር፣ ትርፍ ባትሪና ስምሽ ያለበት መቶ ካርድ ግዢ። የተረፈውን አስቀምጪው፤ የሚያዝያ ግብር አለብሽ።