የአንገት መታጠፍ ብቻውን አያረጋጋም

ጥያቄ፦ ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው፤ ኤችአይቪ በደሙ አለ፤ መድኃኒቱን ካቋረጠ ወራት አልፈዋል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ራስ ምታት አላስተኛው ብሏል። ለታይፎይድ የተሰጠውን መድኃኒት ጨርሶ አልተሻለውም። ትናንት አንድ ሐኪም አንገቱንና ዓይኑን መርምሮ «በፈንገስ የሚመጣ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ ከጀርባው ፈሳሽ እንውሰድ» አለን። ነገር ግን አንገቱ በደንብ ይታጠፋል፤ ትኩሳትም የለውም። እናታችን ደግሞ ጀርባው ከተወጋ ሽባ ይሆናል ብላ ፈርታለች። ምን ይመክሩናል? (ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ምርመራውን ፍቀዱ። ሐኪሙ የጠረጠረው በቂ ምክንያት ስላለው ነው።

አንገት የሚደርቀው የአንጎል ሽፋን ሲቆጣ ነው፤ ሽፋኑን የሚያስቆጣው ደግሞ በአብዛኛው የሰውነት የመከላከል አቅም ከጀርሙ ጋር የሚያደርገው ትግል ነው። ኤችአይቪ ያንን አቅም ሲያዳክመው፣ በተለይ ሲዲ ፎር የተባሉት የመከላከያ ሴሎች ቁጥር ከ100 በታች ሲወርድ፣ ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ ብዙም ሳይቃወሙት ይራባል። ስለዚህ አገጩ ከደረቱ ቢገናኝም፣ ተንጋሎ ጉልበቱ ሲዘረጋ ባያመውም በሽታው የለም ማለት አይቻልም። ብዙዎቹ ታማሚዎች የአንገት መድረቅም ሆነ ከፍተኛ ትኩሳት አይታይባቸውም። ሳምንታት የቆየ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የጠባይ መለወጥና ድብታ ከዚያ የበለጠ ይናገራሉ።

ሐኪሙ ዓይኑን ማየቱ ደስ አሰኝቶኛል፤ በጥድፊያ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ምርመራ ነውና። ፈንገሱ የአንጎል ፈሳሽ ወደ ደም የሚመለስበትን መንገድ ስለሚዘጋ በራስ ቅል ውስጥ ግፊቱ ይጨምራል። ኦፍታልሞስኮፕ በተባለው መሣሪያ በብሌኑ በኩል ሲታይ የዓይን ነርቩ ጫፍ አብጦ ሊገኝ ይችላል። ዓይንን ወደ ውጭ የሚያዞረው ነርቭም በግፊቱ ሊዳከም ይችላል፤ ወንድምዎ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ እንደሚያይ ጠይቁት። ግፊቱ ካልተቀነሰ ዓይኑ እስከመጥፋት ሊደርስ ይችላል። ጥሩ ምርመራ በዚህ አያበቃም፦ ንቃቱ፣ አረማመዱ፣ መስማቱ፣ ሳንባውና ቆዳው ይታያሉ። ፊት ላይ መሐላቸው ጎድጎድ ያሉ ትንንሽ እብጠቶች ከወጡ ያው ፈንገስ ቆዳ ላይ መድረሱን ሊጠቁሙ ይችላሉ። አንድ ወገን ክንድና እግር ከደከመ ግን ሌላ የአንጎል በሽታም ስለሚጠረጠር፣ ከጀርባ ፈሳሽ ከመወሰዱ በፊት ሲቲ ስካን ማንሳት ይመረጣል።

የእናታችሁን ፍርሃት በብዙ ቤት አውቀዋለሁ፤ አልፈርድባቸውም። ይሁንና የአዋቂ ሰው ኅብለ ሰረሰር የሚያልቀው በላይኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ሲሆን፣ መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ነው። ለጥቂት ቀናት ራስ ምታትና የወገብ ሕመም ሊኖር ይችላል፤ ሽባ መሆን ግን እጅግ ብርቅ ነው። በዚህ በሽታ ደግሞ መርፌው ራሱ ሕክምና ነው። ግፊቱ ከ25 ሴንቲሜትር ውሃ በላይ ሆኖ ሲገኝ ፈሳሹ በልክ ይቀነሳል፤ ካስፈለገም በየቀኑ ይደገማል። ራስ ምታቱ ወዲያው የሚቀልላቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ «ግፊቱ ስንት ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። የክሪፕቶኮከስ አንቲጂን (የፈንገሱን አካል የሚፈልግ) ምርመራ ከጣት በሚወሰድ ደም ጭምር ይሠራል፤ ውጤቱም በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ያቋረጠውን የኤችአይቪ መድኃኒት ተጸጽታችሁ ዛሬውኑ ቤት ውስጥ እንዳታስጀምሩት። በሽታው ከተረጋገጠ መጀመሪያ የፀረ ፈንገስ መድኃኒት ይጀመራል፤ የኤችአይቪው የሚጀመረው ከዚያ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተጀመረ በአንጎል ውስጥ ያለው ቁጣ ሊበረታ ይችላል። ቀጠሮ እስኪደርስ ድብታ፣ ማስመለስ ወይም የዓይን መደብዘዝ ከታየበት ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።