መልስ፦ ልጄ በሶፍትቦል (ቤዝቦል መሰል ጨዋታ) ስትወረውር ኳሱን ትገፋዋለች
እህቴ፣ የ9 ዓመት ልጅዎ ኳሱን የምትገፋው ክርኗ ከትከሻዋ በታች ስለሚወርድ ነው። መጀመሪያ ግን ኳሱን ይዩት። ከ10 ዓመት በታች ላሉት ዙሪያው 11 ኢንች የሆነው ነው የሚሆናቸው፤ 12 ኢንቹ ለትንሽ እጅ ስለሚተልቅ በመዳፏ ትጨብጠዋለች፣ ያኔ የእጅ አንጓዋ ይደርቃል። ስፌቱን አቋርጣ በጣቶቿ ትያዘው።

የምትወረውረው በቀኝ እጇ ከሆነ ግራ ትከሻዋ ወደ ዒላማው ይዙር። ግራ እግሯ መሬት ሲረግጥ ክርኗ ከትከሻዋ እኩል ይድረስ፤ ዳሌዋ ይቅደም፣ ክንዷ ይከተል። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ደረታቸው ቶሎ ይዞርና ክንድ ብቻውን ይለፋል፤ ትከሻም በዚህ ይጎዳል።

በቀኝ ጉልበቷ ተንበርክካ ከ5 ሜትር 10 ጊዜ ትወርውር። በኳሱ ወገብ ዙሪያ ባለቀለም ፕላስተር ይለጥፉ፤ መስመሩ ሳይወላገድ ወደ ኋላ ከተሽከረከረ አለቃቀቋ ትክክል ነው። ርቀቱን ከዚያ በኋላ ይጨምሩ፤ ክንዷን ካመማት ግን ወዲያው ያስቁሟት።