ማህተሙ ይቆያችሁ፣ መጀመሪያ አንድ ምርት አብራችሁ ሽጡ

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ዙሪያ፣ አዋሽ ዳር በፓምፕ ሽንኩርት ከሚያለሙ አንድ አርሶ አደር ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጤና ይስጥልኝ። እኔና ጎረቤቶቼ 24 ነን። እያንዳንዳችን ሩብ ሄክታር ገደማ ቀይ ሽንኩርት እናለማለን። ዘንድሮ ሁላችንም የነቀልነው መጋቢት ላይ ነው። ደላላው በአንድ ሳምንት ውስጥ ዋጋውን በግማሽ ቆረጠብን። ሳይጫን የቀረው ማሳ ላይ በሰበሰ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ተደራጁ ይለናል። በቀበሌያችን ግን ከዚህ በፊት ማህበር ነበረ። ስኳርና ዘይት ሲያከፋፍል ቆይቶ መጋዘኑ ተቆለፈ፤ ስለ ገንዘቡም የነገረን የለም። አባቴ ደግሞ ማህበር ሲባል መስማት አይፈልጉም። ምን ይመክሩናል?»

ወንድሜ፣ ተደራጁ። ግን ከማህተምና ከምስክር ወረቀት አትጀምሩ። መጀመሪያ አንድ ምርት አብራችሁ ሽጡ። ምዝገባው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከአባትዎ ልነሳ። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በደርግ ጊዜ የአምራቾች ህብረት ሥራ ሲባል መሬት ይቀላቀል ነበር። መልባ በሚባለው ደረጃ መሬቱ፣ ወልባ ላይ ሲደረስ በሬውና ማረሻውም የጋራ ሆነ። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ፖሊሲውን ሲለውጥ ገበሬው ጊዜ ሳያጠፋ መሬቱን ተከፋፍሎ ወጣ። ዛሬ የሚሠራበት የህብረት ሥራ ማህበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ሌላ ነገር ነው። መግባት በፈቃድ ነው፣ መውጣትም እንዲሁ። መሬትዎ የእርስዎ ነው፣ ፓምፕዎም የእርስዎ። ብዙ ዕጣ (አክሲዮን) የገዛውም፣ ትንሽ የገዛውም እኩል አንድ ድምፅ አለው። ይህን ቁጭ ብለው ያስረዷቸው። እንዲያውም ስብሰባው ላይ ይጋብዟቸው። ሲከሽፍ በዓይኑ ያየ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ ይጠቅማችኋል።

የቀበሌያችሁ የቀድሞ ማህበር ለምን ሞተ? ሌላ ቦታ ካየሁት ብነሳ፣ ስኳርና ዘይት ማከፋፈል የአባላቱን ምርት አይነካም። ኮታው ሲመጣ ሰው ይሰለፋል፣ ሲቀር ይበተናል። አባሉ ሽንኩርቱ እዚያ ስለሌለ መዝገቡንም አይጠይቅም። ማህበር የሚጠበቀው የእኔ ኩንታል እዚያ ውስጥ አለ የሚል ሰው ሲኖር ነው።

አሁን ወደ ማሳው። ዋጋው የወደቀው በደላላው ክፋት ብቻ አይመስለኝም። 24 ሰው ችግኝ በአንድ ሳምንት ካፈላ በአንድ ሳምንት ይነቅላል። አንድ ሰው 50 ኩንታል ቢያገኝ 1200 ኩንታል በአንድ ጊዜ ወጣ ማለት ነው። የላይኛውም የታችኛውም መንደር እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በሦስት ቡድን፣ ስምንት ስምንት ሆናችሁ፣ በየ15 ቀኑ ልዩነት ዘር አፍሱ። ችግኙ መደብ ላይ ከ45 እስከ 50 ቀን ይቆያል፤ ማሳ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ጨምራችሁ ከፋሲካ ወይም ከእንቁጣጣሽ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ መወሰን ትችላላችሁ። ዶሮ ወጥ በሚሠራበት ሳምንት ሽንኩርት የማይፈልግ ቤት የለም። ዝርያም ለዩ። ከአዳማ 17 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ውስጥ ቦምቤ ሬድ ከአዳማ ሬድ ቀድሞ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ጠብ ይነሳል። ጥሩው ዋጋ ለየትኛው ቡድን ይደርሳል? ዕጣ አውጡ፣ በሚቀጥለው ዙር ተራው ይቀያየር። ከተስማማችሁ ደግሞ የሦስቱን ዙር ዋጋ አማካይ አድርጋችሁ ለሁሉም በኩንታሉ ልክ ክፈሉ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሰውን አንድ ላይ የሚያቆየው እሱ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ትሪፕስ የሚባለው የሽንኩርት ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ከደረሰው ማሳ ወደ ለጋው በነፋስ ይሄዳል። የመጨረሻው ቡድን ማሳ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቢሆን ይሻላል።

ያልተጫነው በሰበሰ ላሉት ደግሞ፣ ሽንኩርት የሚበሰብሰው ብዙ ጊዜ ከመነቀሉ በፊት በተሠራ ሥራ ነው። መጨረሻ ላይ ዩሪያ የተጨመረበት አንገቱ ይወፍራል፣ አይደርቅም። ውኃውን ከመንቀላችሁ ሁለት ሳምንት በፊት አቁሙ። ከግማሽ በላይ ቅጠሉ ሲወድቅ ንቀሉ። የአንዱ ቅጠል የሌላውን ራስ እንዲሸፍን አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ቀን ማሳው ላይ አቆዩት፤ ባዶውን ፀሐይ ከመታው ይቃጠላል። ከዚያ ጥላ ስር አድርቁት። አንገቱን ስትቆርጡ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተዉለት። ከመሬት ከፍ ያለ፣ በእንጨት የተረበረበ ቆጥና የሳር ክዳን ከሠራችሁ ጥቂት ሳምንት ትታገሣላችሁ። ደላላው የሚያሸንፋችሁ ነገ እንደሚበሰብስባችሁ ስለሚያውቅ ነው። ያቺ ጥቂት ሳምንት ትልቅ ጉልበት ናት።

ሚዛኑን ሳላነሳ አላልፍም። ነጋዴው የራሱን ሚዛን ይዞ ይመጣል፣ ቁጥሩን የሚያነበውም የራሱ ሰው ነው። አፈር አለው፣ ቅጠል አለው፣ እርጥብ ነው እየተባለ ከየኩንታሉ ኪሎ ይቀነሳል። ከኩንታል ሦስት ኪሎ ብቻ ቢሄድ ከ1200 ኩንታል 36 ኩንታል በነፃ ሰጣችሁ ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የጋራ ንብረታችሁ ሚዛን ይሁን። ፓምፕ አይደለም፣ መጋዘንም አይደለም። ሁለት ሰው ይመዝን፤ አንዱ ያንብብ፣ አንዱ ይጻፍ። ደረሰኙ ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ ለአባሉ፣ ለሒሳብ ያዡ፣ ለቁጥጥር ኮሚቴው። ማንበብ የማይችል አባል ካለ ኪሎው ጮክ ተብሎ ይነገረው። ልጁ ቤት ሄዶ ያነብለታል።

ሽንኩርቱን የሚለቅሙት፣ የሚለዩትና የሚያደርቁት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። አባልነት በግለሰብ እንጂ በአባወራ አይደለም። ሚስቶቻችሁ በራሳቸው ስም ይግቡ፣ ሚዛኑ ላይም ይቁሙ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ ጥሩውን ሽንኩርት ከመጥፎው የሚለየው የእነሱ እጅ ስለሆነ ነው።

ትልቁ ፈተና በጎን መሸጥ ነው። ማህበሩ ገና ገዥ እያነጋገረ ደላላው ማሳ ድረስ መጥቶ ጥሬ ብር ያሳያል። ልጅ የታመመበት፣ ለዘርና ለናፍታ ቀብድ የበላ ሰው እምቢ ማለት አይችልም። ስብሰባ ላይ ብትወቅሱት አይስተካከልም። አቅሙን አይታችሁ ደንብ አውጡ። ለምሳሌ በመጀመሪያው ዙር እያንዳንዱ ከምርቱ ግማሹን ብቻ ለጋራ ሽያጭ ያስገባ፣ ግማሹን እንደፈለገ ያድርገው። ከየኩንታሉም 10 ብር ይቆረጥና ይቀመጥ፤ 600 ኩንታል ከገባ 6000 ብር ነው። ለችግረኛ አባል ቅድመ ክፍያ የሚሆነው ያ ነው። ደላላውንም ጠላት አታድርጉት። ገበያውን ያውቃል፣ መኪና ያገኛል። የታወቀ ኮሚሽን ቆርጣችሁለት እንዲሠራላችሁ አድርጉ። ዋጋ የሚወስነው ግን እሱ አይሁን።

አንድ ሁለት ዙር እንዲህ ከሸጣችሁ በኋላ ወደ ወረዳው ህብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። መተዳደሪያ ደንቡን ከሌላ ማህበር ገልብጣችሁ አትምጡ፤ የሠራችሁበትን ጻፉት። ከባንክ ገንዘብ የሚወጣው በሁለት ሰው ፊርማ ይሁን። ማህተሙ በሊቀመንበሩ ቤት አይደር። ኦዲት በየዓመቱ እንዲደረግ ጠይቁ፣ ኦዲተሮቹ ካልመጡ ደጋግማችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ውጤቱም ለኮሚቴው ብቻ ሳይሆን በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ይነበብ። ቀድሞ የጎዳችሁ ይህ መቅረቱ ነው።

ይህን ለሚያነቡ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ማህበራትን ለሚረዱ ሁሉ አንድ ቃል አለኝ። አብሮ ሸጦ ለማያውቅ ቡድን መጋዘን አትሥሩለት። ዕርዳታው ቀድሞ ሲመጣ ሰው የሚሰበሰበው ለዕርዳታው ነው። ሒሳብ የሚይዝላቸውን ልጅ አሠልጥኑላቸው፤ የአዳማን፣ የሞጆንና የአዲስ አበባን የዕለት ዋጋ በስልክ ንገሯቸው። ይህ ከቆርቆሮ ይበልጣል።

በዚህ ሳምንት ግን፣ ችግኝ ከማፍላታችሁ በፊት፣ 24ታችሁም ተሰብሰቡና ቡድኑን ተከፋፈሉ። ከመሃላችሁ ሁለት ሰው መርጣችሁ፣ አንዷ ሴት ብትሆን ጥሩ ነው፣ ወደ መቂ ላኩ። የመቂ ባቱ አትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየን፣ ማለትም የብዙ ማህበራት ኅብረት፣ እዚያ ነው። ቢሮውን ብቻ አይተው እንዳይመለሱ፤ አባል ገበሬዎቹን ማሳቸው ድረስ ሄደው ያናግሩ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ብሩ ከተጫነ በስንት ቀን ይደርሳችኋል? በጎን የሸጠ ሰው ምን ይደረጋል? መጨረሻ ኦዲት የተነበበላችሁ መቼ ነው?