ወበቅ ለበዛበት ቤት የሚረጭ ፎም፦ ጥያቄና መልስ

ሥራዬ በጣሪያና በግድግዳ ላይ የሙቀት መከላከያ ፎም መርጨት ነው። ጥያቄዎቻችሁን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። መልሶቹ ሙቀትና እርጥበት አብረው ለሚበረቱበት አካባቢ ብቻ ናቸው፤ ለብርዳማ አገር የሚበጀው ምክር እንዲህ ያለውን ቤት ሊያበሰብስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ዝግ ፎምና ክፍት ፎም የሚባሉት በምን ይለያያሉ?

በእጅዎ ቢይዟቸው ወዲያው ይለዩዋቸዋል። ክፍቱን ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ሲለቁት ይመለሳል፤ ዝጉ ግን ለጥፍር እንኳ በቀላሉ አይበገርም። ሁለቱም ፖሊዩሬቴን ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ናቸው። በዝጉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን አረፋዎች እያንዳንዳቸው ተዘግተው ጋዝ እንደያዙ ይደርቃሉ። በክፍቱ ውስጥ ያሉት ፈንድተው እርስ በርስ ስለተገናኙ የያዙት ተራ አየር ነው። ዝጉ በኪዩቢክ ሜትር 32 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ክፍቱ 8 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በእኩል ውፍረት ዝጉ ሙቀትን የመከላከል አቅሙ ከክፍቱ ከአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል። ለእኛ ግን ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ዝጉ 5 ሴንቲ ሜትር ከሞላ የውሃ ተን በእርሱ ውስጥ ማለፍ ይከብደዋል፣ ክፍቱን ግን ዘልቆ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ተን ቢያልፍ ምን ይጎዳል? ዝናብ እስካልገባ ድረስ ቤቱ ደረቅ ነው።

ደረቅ አይደለም። የውጪው አየር 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ ደግሞ 80 በመቶ ነው እንበል። ይህ አየር ወደ 26 ዲግሪ ሲወርድ ተኑ ውሃ ይሆናል። እርስዎ ኤሲውን 23 ላይ አድርገው ተኝተዋል። የውጪው አየር በግድግዳው ስንጥቅና በኤሌክትሪክ ቱቦዎች ዙሪያ ሾልኮ ይገባና የቀዘቀዘውን ጂፕሰም ቦርድ ከጀርባው ይነካል፤ እዚያው በቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ እንደምናየው ያልባል።

የፕላስቲክ ወረቀት የተለጠፈበት ግድግዳ ስንፈታ ደጋግሞ የሚገጥመን ይኸው ነው። ከክፍሉ የሚታየው ፊት ደህና ነው፤ ከወረቀቱ ጀርባ ግን ቦርዱ በጥቁር ሻጋታ ተነቁጧል፣ በጣት ሲነኩት ይፈርሳል። በብርዳማ አገር ተን የሚገፋው ከውስጥ ወደ ውጪ ስለሆነ ፕላስቲኩን በውስጥ በኩል ያደርጉታል። በእኛ ሁኔታ ተኑ የሚመጣው ከውጪ ነውና ያው ፕላስቲክ ውሃውን ይዞ ያስቀራል። ዝጉን ፎም የምወድደው አየሩንም ተኑንም ቀዝቃዛው ቦታ ከመድረሳቸው በፊት ስለሚያስቆማቸው ነው። ሙቀት መከላከሉን በሌሎች ነገሮችም ማግኘት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ኤሲ የለኝም፤ ላስረጭ?

ግድግዳውን አያስረጩ። መስኮት ከፍተው የሚኖሩ ከሆነ የውስጡና የውጪው አየር አንድ ነው፤ ፎም ደግሞ ቤት አያቀዘቅዝም። የሚያስቸግርዎት ቀትር ላይ ከጣሪያው የሚወርደው ግለት ከሆነ መጀመሪያ ጣሪያውን ነጭ ቀለም ያስቀቡ፣ ጥላ ያብጁ፣ ሞቃቱ አየር በላይ በኩል የሚወጣበትን መንገድ ይክፈቱ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ የጣሪያ ፎም ይታሰብበታል።

ጥያቄ፦ ውፍረቱ ስንት ይሁን? አንዱ ባለሙያ 5፣ ሌላው 12 ሴንቲ ሜትር አሉኝ።

ባዶ ቆርቆሮ ላይ የመጀመሪያው 5 ሴንቲ ሜትር በቁሱ አልፎ የሚገባውን ሙቀት ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ያወርደዋል። ሁለተኛው 5 ሴንቲ ሜትር በተመሳሳይ ዋጋ የሚቀንሰው የቀረውን ግማሽ ብቻ ነው። የግንባታ ደንቡ ከዚህ በላይ ካልጠየቀ እኔ ለጣሪያ ከ5 እስከ 8 እመርጣለሁ። የተረፈው ገንዘብ ለመስኮት ጥላ ቢውል ይሻላል።

ጥያቄ፦ በቀጥታ ቆርቆሮው ላይ ይረጫል?

ይረጫል፣ በደንብም ይይዛል። የዝናቡን ጩኸት ያለዝባል። ሌሊት ቆርቆሮው ከአየሩ በላይ ስለሚቀዘቅዝ ከሥሩ የሚያንጠባጥበውን ጤዛም ያስቀራል። ነገር ግን ነገ ቆርቆሮ መቀየር ቢያስፈልግ ፎሙ አብሮ ይቀደዳል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ከምስማር ቀዳዳ የሚገባ ውሃ ከፎሙ ጀርባ ተደብቆ እንጨቱን ለረጅም ጊዜ ማበስበሱ ነው። ስለዚህ ጣሪያው አስቀድሞ ይጠገን። ዝገት፣ ዘይትና እርጥበት ባለበት ላይ ፎም አይጣበቅም። የእንጨቱ እርጥበት በመለኪያ ታይቶ ከ19 በመቶ በታች መሆን አለበት። መለኪያ ሳይዝ የመጣ ሠራተኛን ይመልሱት።

ጥያቄ፦ ከኮርኒስ በላይ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች ልድፈናቸው ወይስ ልተዋቸው?

የጣሪያውን ሥር ካስረጩ ይደፈኑ፤ ያ ቦታ ከእንግዲህ የቤቱ አካል ነው። የኮርኒስ ላይ መከላከያ ብቻ ከሆነ ክፍት ይቆዩ። ሁለቱን ማደባለቅ ግን አይሆንም፤ ጣሪያው ተረጭቶ ቀዳዳዎቹ ከተተዉ ወበቁ ገብቶ የኤሲው ቱቦዎች ላይ ውሃ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ሲረጭ ቤት ውስጥ ብንቆይስ?

አይቻልም። ፎሙ የሚሠራው ሁለት ፈሳሾች ተደባልቀው ነው፤ አንዱ አይሶሳያኔት ይባላል፤ አስም ያመጣል። አንድ ጊዜ ሰውነት ከተቆጣው ደግሞ በኋላ ጥቂቱም ይቀሰቅሰዋል። የሚረጨው ሰው ሙሉ የመተንፈሻ ጭምብልና ልብስ ያደርጋል። ቤተሰቡ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይውጣ፤ አምራቹ ረዘም ያለ ጊዜ ካዘዘ የእርሱ ቃል ይከበር።

ጥያቄ፦ ከተረጨ ሳምንታት አልፈውታል፤ የዓሣ ሽታ አልለቅ አለን።

ያ ሽታ ብዙ ጊዜ የድብልቅ ጉድለት ምልክት ነው። ሁለቱ ፈሳሾች በመጠን እኩል ለእኩል ካልወጡ፣ ወይም ሙቀታቸው ካልተስተካከለ፣ ፎሙ በወጉ አይበስልም። ከተለያየ ቦታ በቢላ ቆርጠው ይዩት። ደህናው ወጥና ጠንካራ ነው፤ አረፋዎቹም ደቃቅ ናቸው። የተበላሸው ይፈረፈራል፣ ወይም ለስለስ ብሎ ይጣበቃል። መሃሉ ቡናማ ሆኖ ካገኙት ባንድ ጊዜ አብዝተው ረጭተውታል ማለት ነው። ፎሙ ሲጠና የራሱን ሙቀት ስለሚያመነጭ በአብዛኛው በአንድ ዙር ከ5 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ይህን ችላ ብለው እሳት ያስነሱ አሉ። መድኃኒቱ የተበላሸውን ቆርጦ አውጥቶ እንደገና መርጨት ነው። ሽቶም ቀለምም አያድኑትም። ወጪውን የሚሸፍነው የረጨው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ምስጥ ይበላዋል?

አይበላውም፣ ግን ውስጡን ቦርቡሮ ወደ እንጨቱ ይደርሳል። መንገዱም ስለማይታይ ዘግይተን ነው የምናውቀው። ከመሠረቱ በላይ ለፍተሻ ፎም የሌለው ቦታ ይተው።

ጥያቄ፦ እሳትስ?

ይነዳል። የተጨመረበት ኬሚካል ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ሰው በሚኖርበት ክፍል ቢያንስ 12.5 ሚሊ ሜትር ጂፕሰም ቦርድ ይሸፍነው። ኮርኒስ ውስጥ የተቀበረ መብራትም በፎም አይከደንም፤ ይግላል።

ጥያቄ፦ ካስረጨን ወዲህ ቤቱ ቀዝቅዟል፣ ነገር ግን አንሶላው እርጥብ እርጥብ ይላል። ፎሙ ነው?

ኤሲው ነው። ለቀድሞው ቤት የተመረጠው ማሽን አሁን በዝቷል። በጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዞ ይቆማል፤ እርጥበቱን ለማውጣት ግን ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት ነበረበት። በዚህ ላይ ከምግብ፣ ከገላ መታጠቢያና ከሰው እስትንፋስ የሚወጣው ተን በየስንጥቁ የሚሸሽበት የለም። የእርጥበት መለኪያ ገዝተው መኝታ ቤት ያስቀምጡ። ከ60 በመቶ በላይ የሚቆይ ከሆነ የእርጥበት ማስወገጃ ማሽን ይጨምሩ፤ ወደፊት ኤሲ ሲቀይሩም አነስ ያለውን ይምረጡ። ንጹሕ አየር የሚያስገባ ማራገቢያም ያስፈልጋል። ጋዝ የሚያነድ የውሃ ማሞቂያ ቤት ውስጥ ካለ ግን ነገ አይበሉ፤ አየሩ በታፈነ ቤት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። ማሞቂያው ወደ ውጪ ይውጣ።

ጥያቄ፦ በጣሳ የሚሸጠውን ገዝቼ ግድግዳዬን ራሴ ብሞላው?

ለመስኮትና ለቧንቧ ዙሪያ ክፍተት ጥሩ ነው። ለግድግዳ ግን የጣሳው ብዛት ከባለሙያው ዋጋ ይበልጥብዎታል።