ከጉድጓዱ ያወጣኋት ቁጥር

ልጆቼ፣

ጠረጴዛዬ ላይ ከሳንቲም ብዙም የማትበልጥ ክብ የነሐስ ቁራጭ አለች። ጫፏ ላይ ቀዳዳ፣ መሐሏ ላይ 83 የሚል ቁጥር አላት። ገና የምህንድስና ተማሪ ሳለሁ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ከአንድ የተተወ የማዕድን ጉድጓድ ኪሴ ከትቼ ያወጣኋት ናት። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን በሙሉ ከማዕድን ጉድጓድ አልተለየሁም፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፍኩት የተዘጉትን እየዞርኩ የትኛው እንደሚያሰጋ በመመርመር ነው። ያቺን ቁጥር ባየሁ ቁጥር ግን አፍራለሁ። ለምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ብዙዎቻችሁ የአሮጌ ጉድጓድ ፎቶ ታሳዩኝና «ጋሼ፣ እዚህ እንዴት ይገባል?» ትሉኛላችሁ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ የተተወ ጉድጓድ ግን ሳያዩትም ይናፍቃል። ስለዚህ «አትግቡ» ብዬ ብቻ ባበቃ እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ አልሰማሁም። ቢሆንም እላለሁ፦ ባለቤቱ ካልፈቀደ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከፊት ካልቀደመ፣ ውጭ ቆሞ ሰዓታችሁን የሚጠብቅ ከሌለ አትግቡ። ምክንያቱን ደግሞ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ተቆጣጣሪ አያስፈልገውም።

አዲስ ገቢ ሁሉ ዓይኑ ጣሪያ ላይ ነው። ጣሪያው አይናድም አልልም፤ የበሰበሰ ምሰሶ በክርን ሲነኩት የሚፈርስበት ጊዜ አለ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን አየሩ ነው። ንጹሕ አየር ውስጥ ኦክስጅን 21 በመቶ ገደማ ነው። ተዘግቶ በኖረ ዋሻ ውስጥ የሚበሰብሰው እንጨትና የሚዝገው ድንጋይ፣ በተለይ ብረትና ድኝ የያዘው ፒራይት፣ ኦክስጅኑን ቀስ እያሉ ይጨርሱታል። ወደ 16 በመቶ ሲወርድ ሻማ ይጠፋል። ወደ 10 በመቶ ሲወርድ ሰው ራሱን ይስታል። ክፋቱ ደግሞ፣ ኦክስጅን ብቻውን ሲያንስ ሰውነት አይጮህም። ሲያፍነን እንድንፈራገጥ የሚያደርገን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት ነው፤ እሱ ከሌለ እግር ይከብዳል፣ ሐሳብ ይደበዝዛል፣ ሰውዬው «ትንሽ ልረፍ» ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ ጓደኛው ሊያነሣው ይገባና እሱም አጠገቡ ይወድቃል።

«ባለፈው ሳምንት ገብተን ምንም አልሆንንም» የሚለኝ ወጣት አይጠፋም። ጉድጓድ ይተነፍሳል። ውጭ ያለው የአየር ግፊት ሲጨምር አየር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ግፊቱ ይቀንስና ከተደፈኑት ክፍሎች የሞተው አየር ወደ መተላለፊያው ይወጣል። ባለፈው ሳምንት የገባችሁበት ዋሻ ዛሬ ሌላ ዋሻ ነው። የድሮ ሰዎች ይህን ያውቁ ስለነበር ባዶ እጃቸውን አይገቡም ነበር። በከሰል ጉድጓዶች ሚቴን የሚባለው ጋዝ እየተቀጣጠለ ሠራተኛ ሲፈጅ፣ እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በ1815 እ.ኤ.አ. ነበልባሉን በሽቦ ወንፊት የከበበ ፋኖስ ሠራ፤ የነበልባሉ መልክ ሲለወጥ ጋዝ መኖሩ ይታወቃል። በብሪታኒያ ጉድጓዶች ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዛም ጋዝ ቀድማ እንድትለይ የምትያዘው ካናሪ ወፍ እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ሥራ ላይ ነበረች። የዛሬው የጋዝ መለኪያ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ሲያሰጋ ይጮሃል። የስልካችሁ መብራት ግን ምንም አይለካም።

ወለሉን አንድ ገጠመኝ ይበቃዋል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከአንድ አሮጌ አለቃዬ ጋር ስንሄድ መንገዱ ላይ ኩሬ አገኘን፤ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ መሰለኝና እግሬን አነሣሁ። ትከሻዬን ያዘና የያዘውን የሦስት ሜትር ብረት ወደ ውሃው ሰደደው። ብረቱ ገባ፣ ገባ፣ እጁ ውሃውን እስኪነካ ገባ፤ ወለል አላገኘም። ወደ ታችኛው ደርብ የሚወርድ ጉድጓድ ነበር፣ እስከ አፉ ውሃ የሞላ። አለቃዬ አልተቆጣኝም። ብረቱን አውጥቶ ጠረገና «እንመለስ» አለ።

አሁን እናንተን ወደ ውስጥ ወደሚጠራችሁ ነገር ልምጣ፤ ወደ ዕቃው። በመጀመሪያ ፈጽሞ የማይነካውን ልናገር። ከእርሳስ ቁራጭ የማትበልጥ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ቱቦ፣ አንዳንዴም ሁለት ሽቦ ያላት፣ መሬት ላይ ብታዩ ድማሚት የምታስነሣ ካፕሱል ልትሆን ትችላለች። ለብቻዋ ጣት ትቆርጣለች፣ ዓይን ታጠፋለች። ድማሚቱም እንደዚያው ነው፤ ሲያረጅ ውስጡ ያለው ናይትሮግሊሰሪን ያልበዋል፣ ላቡም በትንሽ ምት ሊፈነዳ ይችላል። ሰው አሮጌ ሣጥን ሲያይ «ይሄማ ሞቷል» ይላል። ፈንጂ ግን ሲያረጅ ይብስበታል። ሳትነኩ፣ በገባችሁበት ዱካ ተመልሳችሁ ወጥታችሁ ለፖሊስ ንገሩ።

የቀረው ዕቃ ሁሉ የሚነበብ ነው፤ እዚህ ላይ ቶሎ አልጨርስላችሁም። ወለል ላይ የተደፋ ነጭ ኖራ የመሰለ ክምር አያችሁ እንበል። ቆሻሻ አይደለም። የካርባይድ ፋኖስ ካርባይድ በተባለ ድንጋይ መሰል ነገር ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ጋዝ ያመነጫል፣ ጋዙ ይነድዳል፣ የሚተርፈው ይህ ነጭ ዝቃጭ ነው። ፋኖሱ በየጥቂት ሰዓቱ ስለሚሞላ ሰዎቹ የት ቁጭ ብለው እንዳረፉ ክምሩ ያሳያል። እነዚህ ፋኖሶች በጉድጓዶች የተስፋፉት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለሆነ፣ እዚያ ቦታ ሰው የሠራው ከዚያ ወዲህ መሆኑንም ትደርሱበታላችሁ። ግድግዳው ላይ ጥርስ ጥርስ የመሰለ ጭረት ብቻ ካለ በዶማና በመሮ ተፈልፍሏል፤ ለሁለት የተሰነጠቀ ቧንቧ የመሰለ ቦይ ካለ ተበስቶ በፈንጂ ወጥቷል። ከምሰሶ ላይ ያለ ምስማር ኮት ይሰቀልበት ነበር። ይህን ሁሉ ለማወቅ አንድም ነገር ማንሣት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ነጩን ክምር የሚያናግረው ያለበት ቦታ ነው።

በኦስትሪያ ሃልሽታት የጨው ተራራ ውስጥ የተገኘ የእንጨት ደረጃ አለ። ጨው እንጨቱን እንዳይበሰብስ ጠብቆት፣ የግንዱ ዓመታዊ ቀለበቶች ተቆጥረው ዛፎቹ የተቆረጡበት ጊዜ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1344 አካባቢ መሆኑ ታውቋል። በስዊድን ፋሉን የመዳብ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ በ1719 እ.ኤ.አ. ሠራተኞች ሳይበሰብስ የቆየ የአንድ ወጣት አስከሬን አገኙ። ማንነቱን የለየችው የቀድሞ እጮኛው ናት፤ እሷ አርጅታ ነበር፣ እሱ ግን በ1677 እ.ኤ.አ. እንደጠፋ ልጅነቱ አልተለወጠም። ጉድጓድ እንዲህ አድርጎ ያስቀምጣል። የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እንደ እኔ ያለ ኪስ ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ ከሚያውቅ ሰው ጋር የመግባት ዕድል ካገኛችሁ ካሜራና ማስመሪያ ያዙ። ዕቃውን ሳትነኩ ከነአካባቢው ፎቶ አንሡት፣ ከዚያ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ እንደገና ፎቶ አንሡት፣ ከመግቢያው ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ጻፉ። የሌሊት ወፎች ተሰቅለው ካያችሁ ግን ፎቶውም ይቅር፤ በእንቅልፋቸው ወራት መቀስቀስ ያጠራቀሙትን ጉልበት ያስጨርሳቸዋል።

አሁን ወደ 83። እሷን ያገኘሁት ከዋሻው አፍ ጥቂት እርምጃ ገባ ብሎ፣ ግድግዳ ላይ ከተመታ ጣውላ ነው። ጣውላው ላይ በረድፍ የተመቱ ምስማሮች ነበሩ፤ በእያንዳንዱ ምስማር ላይ አንድ አንድ ቁጥር ተሰቅሏል። አንዷ ብትጎድል ምን ይሆናል ብዬ ወሰድኳት። ትርጉሙን የነገረኝ ከዓመታት በኋላ ያ የብረት ዘንግ የያዘው አለቃዬ ነው። ሠራተኛው ሲገባ ቁጥሩን ከምስማሩ አንሥቶ ይዞ ይወርዳል፣ ሲወጣ መልሶ ይሰቅላል። ፈረቃው አልቆ አንድ ምስማር ባዶ ከሆነ ሰው ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው፤ ፍለጋ ይጀመራል። እኔ ስደርስ ሁሉም ተሰቅለው ነበር። ሥራው ያበቃበት ቀን ሁሉም በሰላም ወጥተው ነበር ማለት ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቼ ልመልሳት ሄድኩ። የዋሻው አፍ በአግድም የብረት ዘንጎች ተዘግቷል፤ የሌሊት ወፍ እንዲያልፍ፣ ሰው እንዳያልፍ ተብሎ የተሠራ ነው። እጄን እስከ ትከሻዬ አስገባሁ፤ አልደረሰም። በባትሪዬ ሳበራ ጣውላው እንዳለ ነው። ቁጥሮቹ ዝገውና ጠቁረው ተሰቅለዋል፤ በ82 እና በ84 መካከል አንድ ምስማር ባዶ ነው።