ቀበሮው፣ ጋንዳልፍና ሚስዮናዊው፦ ስለ ልጆች ፊልም ለጠየቃችሁኝ

ከክርስቲያን ደራሲያን መጻሕፍት ስለተሠሩ የቤተሰብ ፊልሞች ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ መልእክት ደርሶኛል። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁኝ ግን ስለ ፊልሞቹ ሳይሆን ስለ ተዋናዮቹ ነው። እገሌ ጌይ ነው አሉ፣ ታዲያ ልጆቼን ላሳይ ወይስ ልተው? የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ፣ ያንን የምደብቀው አይደለም። የማስበውንም በግልጽ እጽፋለሁ።

"ልጆቼ የናርኒያን ፊልም ስንቴ እንዳዩት እኔም አላውቅም። በቀደም አንዲት እህት የቀበሮውን ድምፅ የሠራው ሰው ጌይ ነው ብላ ላከችልኝ። ፊልሙን ከቤት ላውጣው?" (እናት፣ ከቨርጂኒያ)

እህቴ፣ ተይው፣ አታውጪው። ወሬው እውነት ነው። በ2005ቱ ፊልም ቀበሮው ሆኖ የሚናገረው እንግሊዛዊው ሩፐርት ኤቨረት ነው፤ ጌይ መሆኑንም በአደባባይ የተናገረ ሰው ነው።

ግን ቀበሮው ምን እንደሚያደርግ አስታውሺ። ልጆቹን ከተኩላዎቹ ያስጥላቸዋል። ዛፍ ላይ ተደብቀው ቁልቁል እያዩት ተኩላዎቹ ይነክሱታል፣ እሱ ግን በዚያ በኩል ሄዱ ብሎ ያሳስታቸዋል። በኋላ ጠንቋይዋ ፊት ሲያቀርቡት ትንሹ ኤድመንድ ሊያድነው ብሎ የሚያውቀውን ይናገራል፣ እሷ ግን አትምረውም፣ ድንጋይ ታደርገዋለች። ልጆችሽ እዚህ ጋ ጸጥ የሚሉ ይመስለኛል። ያቺ ጸጥታ ናት ፊልሙን ከቤትሽ እንዳታወጪው የሚያደርገኝ።

ደራሲው ሲ. ኤስ. ሉዊስ ራሱ በዚህ ጉዳይ የጻፈው አለ። በ1955 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ ስለ ተማሪ ቤቱ ሲያወራ፣ ፈጽሞ ያልፈተኑኝ ሁለት ኃጢአቶች አሉ ይላል፤ አንዱ ቁማር ነው፣ ሌላው ይኸው የምናወራው። ስለዚህ በውጊያ ገጥሜው በማላውቀው ጠላት ላይ ስብከት አላበዛም ብሎ ያልፋል። ኃጢአት አይደለም አላለም። ግን ያልተፈተነበትን ነገር ይዞ ሌላው ላይ መፎከርን እምቢ አለ። እኔ ይህን ሳነብ ብዙ ያወራሁት ነገር ትዝ ብሎኝ አፍሬያለሁ።

"ጋንዳልፍን የሠራው ሰውዬ ጌይ መሆኑን ለምን ደበቁን? መጽሐፍ ቅዱስም ይቀድዳል ይባላል።"

ማንም አልደበቀም። ኢያን ማኬለን ጌይ መሆኑን በ1988 በቢቢሲ ሬዲዮ ተናግሯል። እሱ ሽማግሌውን ጋንዳልፍን የሠራበት የ"ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ" የመጀመሪያ ክፍል የወጣው በ2001 ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አደባባይ ላይ የነበረ ነገር ነው፣ ያልሰማነው እኛ ነን።

ሁለተኛው ግን ልክ ነው። ሆቴል ክፍል ውስጥ ከሚቀመጠው መጽሐፍ ቅዱስ የዘሌዋውያንን፣ ወንድ ከወንድ ጋር እንዳይተኛ የሚከለክለውን ገጽ እንደሚቀድድ ራሱ በቃለ መጠይቅ ተናግሯል። እውነት ለመናገር ስሰማው ተቆጥቻለሁ፣ አሁንም ያመኛል። ግን ሰውዬው የተወለደው በ1939 ነው፤ የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ እስከ 1967 ድረስ እንደሱ ያለውን ወንድ እስር ቤት ይከት ነበር። እስከ 28 ዓመቱ ማለት ነው። ያቺን ገጽ ከማን አፍና በምን ድምፅ ሲሰማት እንደኖረ ሳስብ ቁጣዬ ይበርዳል።

የመጽሐፉ ደራሲ ቶልኪን ደግሞ አጥባቂ ካቶሊክ ነበር። በ1953 ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ መጽሐፉ በመሠረቱ ሃይማኖታዊና ካቶሊካዊ ሥራ ነው ብሏል። ያንን ማኬለን አላጠፋውም። ስለ ጓደኞቹ ብሎ ድልድይ ላይ የሚቆመውን ሽማግሌ ሠራው፣ ያውም አሳምሮ።

"በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች አገልግሎት 'ኤንድ ኦፍ ዘ ስፒር'ን ልናሳይ ነበር። ሽማግሌዎች ተዋናዩ ጌይ ነው ብለው አስቆሙን። ትክክል ናቸው?"

ይህ ጥያቄ አሜሪካ ውስጥ ፊልሙ በ2006 ሲወጣም ተነስቶ ብዙ አጨቃጭቋል። ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ጃንዋሪ 8 ቀን 1956 ኢኳዶር ጫካ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር፣ አምስት አሜሪካውያን ሚስዮናውያን በዋኦራኒ ሰዎች ጦር ተወግተው ሞቱ። አንዱ አብራሪው ኔት ሴይንት ነው። ልጁ ስቲቭ ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበር፣ አድጎ በዚሁ ርዕስ መጽሐፍ የጻፈው እሱ ነው። በፊልሙ አባትየውንም ያደገውን ልጅም ሆኖ የሠራው ቻድ አለን ሲሆን ጌይነቱን በግልጽ የተናገረ ሰው ነው። ፓስተሮች ተቃወሙ፣ ሰማዕትን እንዴት እሱ ይሠራል አሉ። አዘጋጆቹ ግን አልቀየሩትም።

ሽማግሌዎቻችሁን አክብሩ፣ ከጀርባቸው ሄዳችሁ አታሳዩ። ግን ቁጭ ብላችሁ አነጋግሯቸው። ይህ እኮ የይቅርታ ታሪክ ነው! የኔት እህትና የአንደኛው ሟች ሚስት በ1958 እዚያው ገዳዮቹ መንደር ገብተው ኖረዋል። ስቲቭ በ1965 የተጠመቀው አባቱ በሞተበት ወንዝ ውስጥ ነው፤ ያጠመቁት ደግሞ በግድያው የነበሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። በዚያ ግድያ የነበሩ እጆች ውሃ ውስጥ አስገብተው አወጡት። ይህን ታሪክ የሚያሳይ ፊልም በአንድ ተዋናይ የግል ሕይወት ምክንያት ከወጣቶች ሲከለከል እኔን ይከፋኛል።

ሽማግሌዎቹ መጠየቅ ያለባቸው ሌላ ነገር አለ። ፊልሙ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅ ያስብበት የሚል ደረጃ የተሰጠው ነው፤ ሰው በጦር ሲወጋ ያሳያል። ትንንሾቹን አታስገቡ።

"የስምንት ዓመት ልጄ 'ጌይ ምንድነው?' አለኝ። ምን ልበል?"

አጭርና እውነት። ወንድ ሆኖ ወንድን እንደ ፍቅረኛ የሚወድ ሰው ነው በዪው። ቤተ ክርስቲያናችን የምታስተምረውንም ንገሪው። ሰውን መስደብ ግን በቤታችን የለም በዪ፣ እዚያው ላይ። ካንቺ ካልሰማ ከትምህርት ቤት ጓሮ ይሰማዋል።

"ታዲያ ለአንተ ምንም ችግር የለም ማለት ነው? የማታሳየው ፊልም የለህም?" (አባት፣ ከሲያትል)

ችግር አለ እንጂ ጋሼ። የ2018ቱን የዲዝኒ "ኤ ሪንክል ኢን ታይም" ይመልከቱት። ደራሲዋ ማደሊን ሌንግል ኒው ዮርክ በሚገኝ ካቴድራል ቤተ መጻሕፍት ያገለገለች ክርስቲያን ናት። በ1962ቱ መጽሐፏ ልጆቹ ከጨለማ ጋር የተዋጉት እነማን ናቸው ተብለው ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚጠሩት ስም ኢየሱስ ነው። ፊልሙ ላይ አንስታይን አለ፣ ጋንዲ አለ፣ ኢየሱስ የለም። እኛ የተዋናይ መኝታ ቤት ስንፈትሽ ዋናው ስም ተነቅሎ ወጣ፤ ስለዚህ ግን እስከ ዛሬ አንድም ሰው አልጻፈልኝም። ፊልሙን አልከለክልም፣ መጽሐፉን አብራችሁ አንብቡ።

"20 ዓመቴ ነው፣ አሜሪካ ከቤተሰቤ ጋር ነው የምኖረው። ጋንዳልፍ ድልድዩ ላይ ሲደርስ አባቴ ስለ ተዋናዩ ሰማና ሪሞቱን አንስቶ አጠፋው። 'እንዲህ ያለ ሰው ቤቴ አይገባም' አለ። እኔ ሶፋው ላይ አጠገቡ ነበርኩ። ስለ እኔ አያውቅም።"

ወንድሜ፣ መልእክትህን ደጋግሜ አነበብኩት። የሌሎቹን ጥያቄ ስመልስም አንተን ነበር የማስበው።

ዛሬ ለአባትህ መናገር የለብህም። የምትኖረው እሱ ቤት ነው፣ ትምህርትህም በእሱ እጅ ከሆነ አትቸኩል። ስትነግረው የማይደነግጥና ወሬ የማያወጣ አንድ ሰው ፈልግ፤ አክስት ትሁን፣ ጓደኛ ይሁን፣ የኮሌጅህ አማካሪ ይሁን። ሌሊት ላይ ራስህን ስለመጉዳት የምታስብ ከሆነ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ለእንዲህ ያለ ጭንቀት ወደሚደወልበት 988 ደውል፣ ቀንም ሌሊትም ያነሳሉ። እባክህ አታፍር።

ስለ እምነትህ የምትጠይቀኝ ብዙ ነገር እንዳለ ይገባኛል፣ ሁሉንም አልመልስልህም፣ አልችልምም። እግዚአብሔር ግን አንተን የሚያውቅህ አባትህ ያንን ቃል ከመናገሩ በፊት ነው።

ይህን የምታነቡ አባቶች ደግሞ፣ ሪሞቱን ስታነሱ ሶፋው ላይ ማን እንደተቀመጠ እዩ። ተዋናዩ አይሰማችሁም። ልጃችሁ ግን ይሰማችኋል።

አንተም ፊልሙ የቆመው ድልድዩ ጋ ነው ብለሃል። ጨርሰው። ሁለተኛውንም ክፍል ተመልከት፣ ሽማግሌው እዚያ ላይ ነጭ ለብሶ ይመለሳል። ስታየው ጻፍልኝ፣ ስምህን አልጠይቅህም።